ለኦፕሬተር ዘጠኝን ይጫኑ

ሥራ አስኪያጃችን ከዱባይ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ለራሱ የቆዳ ቦርሳ፣ ለእኛ ሐሳብ። ቦርሳው ማንንም አልበደለም።

ሐሳቡ ይህ ነው። ባረፈበት ሆቴል ስልክ ሲደወል የሚያነሣ ሰው የለም። የተቀዳ የሴት ድምፅ ይቀበልና «ለዚህ ጉዳይ አንድን፣ ለዚያ ጉዳይ ሁለትን ይጫኑ» ይላል፤ ጥሪውም የሚሄደው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። ታዲያ እኛ ከማን እናንሳለን? «እስከ መቼ ነው ስልክ በሰው እጅ የምናዞረው?» አለን በሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ። የሱ ጥያቄ መልስ አይወድም ነበር።

እኛ ስል ከማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ አለፍ ብሎ፣ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ የብረት አልጋና የቢሮ ወንበር የሚያመርት የመንግሥት ድርጅት ማለቴ ነው። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያው ነበርኩ። ባለሙያ የሚለው መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው ነው፤ በተግባር ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት የምጎትት፣ ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃሉን በረሳ ቁጥር ደረጃ የምወጣ ሰው ነኝ። ወደ ውጭ አገር የምንደውለው የብረት ላሜራና ቱቦላሬ ለሚልክልን ለአንድ ቱርካዊ ነጋዴ ነበር፤ ለሱም ዕቃው ሲዘገይብን ብቻ። የቀረው ስልካችን ሁሉ ሳሪስ አቦና መርካቶ ላሉ ወንበር ቸርቻሪዎች የሚደወል ነው። ለዚህ ሥራ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ያለው አሮጌ ሳጥንና ከፊቱ የሚቀመጡት ሴትዮ ይበቁን ነበር፤ ለዓመታትም በቅተውናል።

ያም ሆኖ ፈቃድ ተጠየቀ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደጅ ጠንቶ አስጨረሰው፣ አዲስ ማዞሪያ ተገዛ። የኔ ድርሻ ማዞሪያውን ከኢንተርኔት ስልክ ኩባንያ ጋር ማገናኘት ነበር። አንድ ኩባንያ ይበቃናል፣ ከፈራን አንድ መጠባበቂያ እንጨምር አልኩ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከኩባንያው የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ትቀበላለህ፣ ማዞሪያው ላይ ትሞላለህ፣ የትኛው ጥሪ በማን በኩል ይውጣ የሚለውን ትወስናለህ፣ አለቀ። ከባዱ የኛ ሰው ነው።

የንግድ ክፍል ኃላፊው ካናዳ ያለው አማቹ የሚሠራበትን ኩባንያ ይዞ መጣ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ጀርመን ያለች አብሮ አደጓ ያደነቀችላትን ይዛ መጣች። ምክትሉ ከሁለቱ ላለማነስ አንዱን ከኢንተርኔት ላይ ለቅሞ «ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ» አለ፤ እንደማያውቃቸው ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የእህቱ ልጅ ወኪል የሆነለትን አመጣ። የሚያዋጣውን መርጦ ሌሎቹን በምስጋና መሸኘት ነበር ወጉ። እሱ ግን በሐሳቡ የሚታየው የስልኩ ጥራት ሳይሆን ነገ በየሠርጉ የሚያገኛቸው ሰዎች ፊት ነው። «አንዱን ብመልሰው ቅር ይለዋል» አለና የአራቱንም ውል ፈረመ። የድርጅት ስልክ በይሉኝታ ሲገዛ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«የኢንተርኔት መስመራችን አንድ ነው፤ ያውም ቀጭን። አራቱም የሚያልፉት በዚያችው ነው» አልኩት። «በአንድ ጠባብ በር አራት አልጋ ባንዴ ማስወጣት ነው የሚሆንብን።»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታይህ ችግሩ ብቻ ነው» አለኝ።

ብዙ ኩባንያ መያዝ አንድ ጥቅም አለው፤ አንዱ ሲቋረጥ ጥሪው በሌላው በኩል ይወጣል። ይህን እንኳ እንዳላደርግ ተከለከልኩ። እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱ ክፍል በራሱ ሰው ኩባንያ ብቻ እንዲደውል ፈለገ። የካናዳው ሲቋረጥ በጀርመኑ ላሳልፍ ብዬ የፋይናንስ ኃላፊዋን ባስፈቅዳት «የኔን መስመር ለንግድ ክፍል የማውስበት ምክንያት አይታየኝም» አለችኝ። ሁለቱ ክፍሎች ከድሮ ጀምሮ በኮፒ ማሽኑ የያዙት ጠብ ወደ ስልኩም ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ንግድ ክፍል ዝም ሲል ፋይናንስ ያወራል፣ ፋይናንስ ሲቆራረጥ ምክትሉ ይስቃል፤ እኔ ከክፍል ክፍል እየሮጥኩ እሰደባለሁ።

ሥራ አስኪያጁን ይህም አልበቃውም። «ኢንተርኔት ነው፤ የአገር ውስጡም በሱ ይሂድ» ብሎ አዘዘ። እናም ከአቃቂ ሳሪስ አቦ ለመደወል ድምፃችን ባሕር ተሻግሮ፣ እንግዳ አገር ዞሮ፣ በውጭ ቁጥር ተመልሶ ይመጣ ጀመር። በሚኒባስ ብንሄድ እንቀድመዋለን። ሳሪስ ላይ ወንበራችንን የሚሸጥ አንድ የስልጤ ነጋዴ ነበረን፤ ታናሽ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው። የንግድ ክፍሉ ጸሐፊ ስትደውልለት ስልኩ ላይ የውጭ ቁጥር ያይና ደንበኛ ጥሎ ወደ ደጅ ይወጣል። «ወንድሜ! ደኅና ነህ?» ይላል። እሷም «ያዘዙት ተሽከርካሪ ወንበር ደርሷል» ትለዋለች። እንዲህ ደጋግማ ካስደነገጠችው በኋላ የውጭ ቁጥር ማንሣት ፈራ፤ የወንድሙንም ጭምር። አንድ ቀን በባጃጅ ድርጅታችን ድረስ መጥቶ በር ላይ ጮኸ።

«እናንተ ሰዎች፣ ከዚህ ሳሪስ የምትመጡት በጆሃንስበርግ በኩል ነው እንዴ?»

ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን ነገሩን በግምገማ ላይ «የደንበኞች የግንዛቤ ክፍተት» ብሎ አስመዘገበው።

የምናሌው ስብሰባ ደግሞ ይለያል። የተቀዳችው ድምፅ ማንን በስንት ቁጥር ትጥራ በሚለው ላይ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀመጥን። ሰው ጠርቶ የማያውቀው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ አንድ ሆነ። ምክትሉ ሁለት። ሦስት ላይ ንግድና ፋይናንስ ሊያያዙ ደረሱ፤ እንደ ሠርግ ቤት ወንበር ማን ከማን በላይ ይቀመጥ ነው ነገሩ። ከዚያ የሰው ኃይል፣ ከዚያ የለውጥ ሥራ አመራር፣ ከዚያ ሥነ ምግባር እያለ ወረደ። ደዋዩ ሁሉ የሚፈልጋት ኦፕሬተር በማዕረግ የመጨረሻ ስለሆነች ዘጠኝ ደረሳት። «ምንም ያልጫነ ሰው ዝም ብሎ ለኦፕሬተሯ ይለፍ» ብዬ ለመንኩ። «ሰነፍ ደንበኛ ማለማመድ ነው፤ ካልጫነ ይዘጋበት» ተባለ። ድምፁን የቀዳችው የሥራ አስኪያጁ የሚስቱ እህት ናት። «እንኳን በደኅና መጡ» ትልና ስለ ድርጅቱ ተልዕኮ፣ ራዕይና እሴት ታወራለች፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ከአንድ ቁጥር የምትጀምረው። ዘጠኝ ዘንድ ለመድረስ ሥራ ፈት መሆን ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ኦፕሬተሯ ልናገር። እትዬ ነበር የምላቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከከባድ መኪና ሹፌር ባላቸው ጋር አቃቂ መጥተው፣ ባላቸው ሲሞት በዚያች ማዞሪያ ክፍል ደመወዝ አንዲት ሴት ልጅ ያሳደጉ። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ትደውልላቸው ነበር፤ «ገባሁ፣ በላሁ» ለማለት። አድጋ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። አሠሪዋ ስልኳን ቀማቻት። የእናቷ ሞባይል ከሄደች በኋላ ጠፍቷል፣ ሌላም አልገዙም፤ በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የድርጅታችንን። አርብ ከሰዓት ቤተሰቡ ወደ አያት ቤት ሲሄድ ከሕንፃው ዘበኛ ስልክ ትለምንና ትደውላለች። እትዬ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ ያነሣሉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ወዲያ ማዶ ያለችውን ልጅ ድምፅ የማናውቅ ሰዎች እንኳ አርብ አርብ እናቷን «ደወለች?» ብለን ሳንጠይቅ ወደ ቤት አንሄድም ነበር። የላካት ኤጀንሲ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መልሶ የሚደወልላት ቁጥርም የለም። ከዚያች ልጅ ጋር የሚያገናኛቸው ያ ስልክ ብቻ ነበር።

አዲሱ ማዞሪያ ሲገባ ክፍሉ ታሸገ። እትዬ መዝገብ ቤት ተዛውረው፣ ከፋይሎቹ መካከል ዘጠኝ ቁጥር የምትጠራው ስልክ ተሰጠቻቸው። የዚያኑ ቀን ወደኔ መጡ።

«ልጄ፣ የኔዋ ስትደውል በየት በኩል ነው የምትገባው?»

«መልእክቱን ትሰማና ዘጠኝን ትጫናለች፣ እትዬ።»

«መልእክቱ ረጅም ነው አሉ።»

«ትንሽ ይረዝማል።»

«የሰው ስልክ እኮ ነው የምትይዘው» አሉኝ። «ያ ዘበኛ ዘጠኝ እስክትደርስ ዝም ይላታል?»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ። ኦፕሬተሯን ወደ ፊት እናምጣት፣ ካልሆነም መልእክቱን እናሳጥር አልኩት። ጉዳዩን ሰማኝ። ሰምቶኝም «ይህ ተቋም የግለሰብ ጉዳይ ማስፈጸሚያ አይደለም» አለኝ። ሰውየውን እስከዚያ ቀን እንቀው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠላሁት። ለመናቅ እንኳ ትንሽ ፈገግታ ያስፈልጋል፤ እሱም ጠፋብኝ።

የመጀመሪያው አርብ አለፈ፤ አልደወለችም። ሁለተኛው አለፈ። እትዬ መዝገብ ቤት ተቀምጠው ያችን ስልክ እያዩ ይውላሉ። «ተበላሽታ ይሆን?» ይሉኛል፤ ከሞባይሌ እደውልና ዘጠኝን እጫናለሁ፤ ታቃጭላለች። «እንግዲያው ልጄ ናታ የተበላሸችው» ይላሉ። ሳምንቱ እየጨመረ ሲሄድ ምሳ ዕቃቸውን ሳይከፍቱ ይዘው መመለስ ጀመሩ። በየአርቡ ሲጸልዩ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ ትሙት ትኑር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኛም መጠየቅ ፈራን።

በግምገማ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ስልኩ ሰው አላገናኘም፣ ሰው ነው ያለያየው አልኩ። በአዳራሹ ውስጥ እጅ እየወጣ ተራ በተራ ተገመገምኩ። የለውጥ ጸር ተባልኩ። የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ታይቶብኛል ተባለ፤ ማንን ምን እንዳከራየሁ የነገረኝ የለም። ግለ ሂስ አድርግ ስባል «የድምፄን መጠን ከፍ አድርጌ ነበር» ብዬ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ማዞሪያው ያለበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ከኔ ተወስዶ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ገባ። ከዚያ በኋላ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ማዞሪያውን ለማስነሣት ከቢሮው ቁልፍ እየለመንኩ፣ እያስረከብኩ ከረምኩ።

በዚህ መካከል ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች «ምርጥ ተሞክሮ» ሊቀምሩ ይመጣሉ ተባለ። የሚመቻቸው ቀን አርብ ከሰዓት ሆነ። አርብ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ አያውቅም፤ ለእንግዶቹ ሲል ግን ቀረ። አዳራሹ ውስጥ ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውሃ ተደረደረ፤ እትዬም እኔም ወንበር ለመሙላትና ለማጨብጨብ ተጠራን። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ከነመስመሩ መድረኩ ላይ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁት። አንድ ነገር ቢበላሽ ሮጬ እንዳስተካክል ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ያሰናዳው ትዕይንት አለ። ቱርካዊው ነጋዴ በቀጠሮ ሰዓት ደውሎ አንድን እንዲጫን ተለምኗል፤ እንግዶቹ ሥራ አስኪያጃችን ከውጭ ደንበኛ ጋር ሲነጋገር በጆሯቸው ሊሰሙ ነው። ንግግሩ ገና መሐል ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አየና ፊቱ በራ።

«የውጭ ጥሪ ነው!» አለ ለአዳራሹ። አነሣ። «ሄሎ፣ ማይ ፍሬንድ!»

ከድምፅ ማጉያው የወጣው የሴት ልጅ ድምፅ ነበር፤ ቀጭን፣ የቸኮለ።

«ሄሎ? አማርኛ ይችላሉ? እባክዎ ጌታዬ፣ እናቴን ፈልጌ ነው። ማዞሪያ ክፍል ነበር የምትሠራው። እባክዎ ቶሎ...»

ከድርጅታችን ሰው ማን እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም ያውቃል፤ እኔው ነግሬዋለሁ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህት፣ ይህ የሥራ አስኪያጅ መስመር ነው» አላት። «ለኦፕሬተር ዘጠኝን ይጫኑ።»

ዘጋው። ወደ እንግዶቹ ዞሮ «በአጠቃቀም ረገድ አንዳንድ የግንዛቤ ክፍተቶች አሉ፤ በሥልጠና የሚፈቱ ናቸው» አለ። ከእንግዶቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም አልበረደልኝም።

እትዬ ከኋላ ወንበር ተነሥተው በመሐል መተላለፊያ መጡ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። መድረኩን ወጥተው ሥራ አስኪያጁ የተነሣበት ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ስልኩ ላይ አሳረፉ።

«እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አላቸው።

«ልጄ ናት» አሉት።

«ገብቶኛል። ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

«ቦታዬ ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ስልክ አንሥቻለሁ፤ ይህንንም አነሣለሁ።»

ምክትሉ ክንዳቸውን ሊይዝ ተጠጋና አይናቸውን ሲያይ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞሮ በጥርሱ መሐል «አስነሣልኝ» አለ። ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄጄ ከፈትኩ፤ የሚስቱን እህት ከነራዕይዋና ከነእሴቷ አጠፋኋት፤ ከውጭ የሚገባው ጥሪ ሁሉ በቀጥታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ስልክ እንዲሄድ አደረግሁ። ለዚህ ሥራ በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ከዚያ ድርጅት ከተቀበልኳቸው ወረቀቶች የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው።

ስመለስ እንግዶቹን ለሻይ ሊያስወጧቸው ይሞክራሉ፤ እንግዶቹ ግን አልተነሡም። ስልኩ ጮኸ። እትዬ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሡና «ወዬ ልጄ!» አሉ።

«ሄሎ፣ ማይ ፍሬንድ!» አለ ቱርኩ። በቀጠሮው ሰዓት ነበር የደወለው።

ዘጉበት። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ያዘ። ከሠራተኛው መሐል አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከዚያ ብዙ ጠበቅን፤ ውሃ እንኳ የከፈተ የለም። ሁላችንም ያቺን ስልክ እናያለን። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ስልኩን ለዘበኛው መልሳለት ይሆናል እያልኩ ነበር።

እንደገና ጮኸ።

«ወዬ» አሉ እትዬ።

ማጉያውን ማንም አላጠፋውም፤ ትንፋሿ ለሁላችንም ይሰማል።

«እማዬ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? በሕይወት ነሽ?»

«አለሁ ልጄ። አለሁ። ምን ሆንሽብኝ?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ትቸኩላለች፣ የሰው ስልክ ነውና።

«በየአርቡ እኮ ሌላ ሴት ናት የምታነሣልኝ። እናቴ የት ሄደች እላታለሁ፤ የራሷን አውርታ ትዘጋብኛለች። ሞተሽ በቦታሽ ሰው የተካ መሰለኝ። እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ለቅሶሽን ለብቻዬ ተቀመጥኩ፣ እማ። ዛሬ ሴትዮዋ እንዳለችው አንድን የጫንኩት የት እንደተቀበርሽ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው።»